ገጣጣ፣ ግን በማን ማስመሪያ?

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ስለ ሙያህ ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን፣ ግን ሐኪም ላልሆነውም ይግባው» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ተማሪነት ዘመናችን ልጽፍ ነበር። ስለ ጄሶው አቧራ፣ ጥርስ በሰም ስንቀርጽ ስላደርንበት ሌሊት፣ ከፈተና በፊት ስለሚያጣላን የአንድ ቅጂ መጽሐፍ። እሱን ግን ከእኔ አሳምረው የሚያስታውሱ አሉ፤ ዘንድሮም ሳይጽፉት እንደማይቀሩ አውቃለሁ። ስለዚህ እኔ ሌላ ነገር ልጻፍ፤ ኮልፌ ቀራንዮ በምሠራበት ክሊኒክ በየሳምንቱ ስለሚገጥመኝ አንድ ጥያቄና ጥያቄው ከየት እንደመጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ይሄ ነው። እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች። «ዶክተር፣ ትምህርት ቤት ገጣጣ እያሏት እያለቀሰች አስቸገረችኝ» ትላለች። ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፍና ትቀመጣለች። እጇን ስታነሳ የማየው ትልልቅ፣ ጤነኛ፣ ነጭ ጥርስ ነው። አንድም የተበላ የለበትም። ግን የፊቶቹ ወደ ፊት ወጥተው ሁለቱንም ከንፈሮቿን ገፍተዋቸዋል። እንግዲህ ምን ይደረግ? አራት ጤነኛ ጥርስ ነቅለን፣ በተገኘው ቦታ የፊቶቹን ወደ ኋላ እንሰብስብ? ወይስ አንድም ሳንነካ ባሉበት እናሰልፋቸው? አንዱ ውሳኔ የልጅቷን የጎን ገጽታ ለዕድሜ ልክ ይቀይረዋል፤ ሌላው ደግሞ ሽቦው ሲወልቅ ያው ለቅሶ እንዲመለስ ሊያደርግ ይችላል። የተነቀለ ጥርስ መልሶ አይተከልም።

አማርኛችን ሳያውቀው የዚህን ሙያ ዋና ሒሳብ ይዟል እላለሁ። ጥርስ ከተቀመጠበት አጥንት አንጻር ሲያንስ ክፍተት ይተርፋል፤ «ፍንጭት» ብለን እናሞግሰዋለን። ጥርስ ከአጥንቱ ሲበልጥ ወይ ይደራረባል ወይ ወደ ፊት ይወጣል፤ ወደ ፊት የወጣውን «ገጣጣ» ብለን እንሰድበዋለን። ሁለቱም የአንድ ነገር ሁለት ጫፍ ናቸው፤ የጥርስ መጠንና የቦታ ጉዳይ። አንዱ ምስጋና ሌላው ስድብ የሆነው ግን በሒሳብ አይደለም።

ፈረንጆቹም ከዚሁ አላመለጡም። የዘመናዊ ኦርቶዶንቲክስ አባት የሚባለው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል የጥርስ አገጣጠምን በሦስት መደብ የከፈለበትን ጽሑፍ ያወጣው በ1899 ነው፤ እስከ ዛሬ እንጠቀምበታለን። አንግል ስለ ፊት ውበት ሲያስተምር የሚያሳየው አርአያ ቫቲካን ውስጥ የሚገኘውን የአፖሎ ቤልቬዴሬን ሐውልት ነበር። ከጎን ቀጥ ያለ ፊት፣ የተሰበሰበ ከንፈር፣ የወጣ አገጭ። ይሁንና አንግል ግትር ቢሆንም ሞኝ አልነበረም። ወዳጁ የነበረው ሠዓሊ ኤድመንድ ዉርፕል አንድ ሕግ ለሁሉም ፊት እንደማይሠራ ነግሮታል፤ ኋላ በራሱ ትምህርት ቤት ውስጥም ያስተምርለት ነበር። አንግል በመጨረሻ የደረሰበት አቋም እንዲህ ነው፦ ፈጣሪ ለሰው ሠላሳ ሁለት ጥርስ የሰጠው ሊበቃው ስለሆነ፣ ሁሉም በየቦታቸው በትክክል ከገጠሙ ፊቱም በራሱ መልክ ያምራል። ስለዚህ መንቀል የለም።

ይህን የተቃወመው ካልቪን ኬዝ ነው። በ1911 የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ከአንግል ደቀ መዝሙር ከማርቲን ዱዊ ጋር ፊት ለፊት ተከራከሩ። ኬዝ ያለው ባጭሩ፣ ጥርስ እንደ ወታደር ስለተሰለፈ ፊት አያምርም፤ አንዳንድ ሰው ላይ ሁሉንም ጥርስ ማስቀመጥ ከንፈሩን ገፍቶ ማበላሸት ነው የሚል ነው። በክርክሩ ላይ የተሸነፈ አይመስለኝም፤ ግን ዘመኑ የአንግል ነበርና ለሠላሳ ዓመት ያህል የሚሰማው ጠፋ። የኬዝን ጽሑፍ ተማሪ ሳለሁ በሁለት መስመር ነበር ያለፍነው። አሁን ሳነበው፣ ሰውየው ከሁላችንም ቀድሞ ፊትን የሚያይ ሐኪም እንደነበረ ይሰማኛል።

ነገሩን የገለበጠው ከራሱ ከአንግል ቤት የወጣ ሰው ነው። ቻርልስ ትዊድ አሪዞና ውስጥ መምህሩ እንዳለው አንድም ጥርስ ሳይነቅል ለዓመታት ሠራ። ከዚያ የሠራቸውን ሰዎች መልሶ ጠርቶ ተመለከታቸው። አልወደደውም። የብዙዎቹ ጥርስ ተመልሶ ተዛብቷል፣ አፋቸውም ወጥቷል። ያደረገው ነገር ዛሬም ያስደንቀኛል፤ ብዙዎቹን እንደገና፣ አራት ጥርስ ነቅሎ አከማቸው። በ1940 መጀመሪያ ሳይነቀልላቸው፣ ኋላ ተነቅሎላቸው የታከሙ መቶ ሰዎችን ይዞ ሙያተኛው ፊት ቀረበ። የራሱን ስህተት መቶ ጊዜ ደርድሮ ያሳየ ሐኪም ብዙ አላውቅም። ከዚያ በኋላ መንቀል ፋሽን ሆነ።

በተመሳሳይ ጊዜ ራጁ መጣ። በ1931 ብሮድቤንት አሜሪካ ውስጥ፣ ሆፍራት ደግሞ ጀርመን ውስጥ፣ ጭንቅላትን በማይነቃነቅ መያዣ አስይዞ ከጎን ራጅ ማንሳትን ለሙያው አስተዋወቁ፤ ሴፋሎግራም የምንለው ነው። ራጁ ላይ ስስ ወረቀት አድርገህ በእርሳስ ትስላለህ፣ ማእዘን ትለካለህ። ከዚያ ግን ጥያቄ ይመጣል፤ የለካኸውን ከምን ጋር ታወዳድረዋለህ? በ1948 ዊልያም ዳውንስ ያወጣው መለኪያ የተመሠረተው ጥርሳቸው እጅግ ጥሩ በሆነ ሃያ ነጭ አሜሪካውያን ልጆች ላይ ነው፤ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17። ሃያ! በ1950ዎቹ ሮበርት ሪኬትስ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ አገጭ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ፤ የአዋቂ ሰው የታችኛው ከንፈር ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ቢሆን ያምራል ተባለ። ማስመሪያ ያለው ሰው ሁሉ ቤቱ መስተዋት ፊት ቆሞ ሊሞክረው ይችላል። አፍንጫህንና አገጭህን ማስመሪያው ይንካ፤ ከንፈርህ የት ላይ ነው? አብዛኛው የዚህ መጽሔት አንባቢ ከንፈሩ ማስመሪያውን ሲነካው ወይም ሲያልፈው ያገኘዋል ብዬ እገምታለሁ። አትደንግጡ።

ይህ መለኪያ ለሁሉም ሕዝብ እንደማይሆን ወዲያው ነበር የታወቀው። በ1951 ኮተን፣ ታካኖና ዎንግ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የዳውንስን መለኪያ በጥቁር አሜሪካውያን፣ በጃፓንና በቻይና ዝርያ አሜሪካውያን ላይ ሞክረው ልዩነቱን አሳትመዋል። ጥርሳቸው አምሮ የገጠመ ጥቁር አሜሪካውያን የፊት ጥርሳቸው ከዳውንስ ልጆች ይልቅ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው፤ በሽታ ሳይሆን መልካቸው ነው ማለት ነው። ጽሑፉ ታትሟል፤ የእኛ ትውልድ ክፍል ውስጥ ሲማር ግን ሰሌዳው ላይ የነበረው የዳውንስና የሪኬትስ ቁጥር ነበር።

እኔም በዚያ ቁጥር ሠራሁ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መጣልኝ። ከንፈሩ መስመሩን በደንብ አልፏል። አራት ጥርስ ነቀልኩ፣ ሽቦ አሰርኩ፣ ሰበሰብኩ። ሥራው ሲያልቅ ከንፈሩ ልክ ሪኬትስ እንዳለው ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ሆነ። ራጁን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ለባልደረቦቼ አሳይቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ኮርቼ ነበር። ከዓመታት በኋላ ልጁ ጎልምሶ ጥርስ ለማስሞላት መጣ። ጥርሱ ቀጥ እንዳለ ነው። «ጥርሴስ ያምራል ዶክተር፤ እናቴ ግን ሁሌ ከሳህ ትለኛለች፣ ኪሎዬ እኮ ጨምሯል» አለኝ እየሳቀ። ከጎን አየሁት። የወንድ ልጅ አፍንጫና አገጭ ከአሥራ ሦስት ዓመቱ በኋላ ገና ብዙ እንደሚያድግ ተምሬ ነበር፤ አልቆጠርኩትም። አፍንጫው አድጎ፣ አገጩ ወጥቶ፣ ከንፈሩ መሐል ላይ ገብቶ ቀርቷል። የሃያ ዓመት ወጣት ጥርሱን አውልቆ እንደተኛ ሽማግሌ ከንፈሩ ሰርጓል። ለእናቱ የከሳ የመሰላት እሱ ነው። ነገርኩት። «አይ ዶክተር፣ ያኔ አልቅሼ የመጣሁት እኔ ነኝ» ብሎ አጽናናኝ። የጄሶ ሞዴሉ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ለካ አሜሪካኖቹም በዚያው መንገድ ሄደው ተመልሰዋል። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ክሊኒክን የአርባ ዓመት መዝገብ ያገላበጠው ዊልያም ፕሮፊት በ1994 ያሳተመው ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ በ1953 ከታካሚዎቹ 30 በመቶው ተነቅሎላቸዋል፤ በ1968 ቁጥሩ 76 በመቶ ደረሰ፤ በ1993 ተመልሶ 28 በመቶ ሆነ። የአንድ ከተማ ሰው ጥርስ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ አድጎ በሃያ አምስት ዓመት አይቀንስም። የተለዋወጠው የሐኪሙ አመለካከት ነው።

የጥርስ መጠን በእውነት ሲለዋወጥ ማየት የሚፈልግ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ይሂድ። ተማሪዎቼን እወስዳቸዋለሁ፤ ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ እዚያ ይገባቸዋል። በ1974 ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ አንድ ሜትር ከምናምን፣ መንጋጋ ጥርሷ ግን ከእኔና ከእናንተ ይበልጣል፤ የወገኖቿም አፍ ወደ ፊት የወጣ ነው። ብርሃነ አስፋውና ባልደረቦቹ በ1999 ይፋ ያደረጉት፣ ከመካከለኛው አዋሽ የተገኘው 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረው ጋርሂ ደግሞ የጥርሱ ግዝፈት ከዚህም የባሰ ነው። «ጋርሂ» በአፋርኛ «ያልታሰበ፣ የሚያስገርም» ማለት ነው፤ ጥርሱን ያየ ስሙ አይበዛበትም። ከዚያ ወደ ሄርቶው ሰው ኑ፤ 160,000 ዓመት ገደማ። ፊቱ ትልቅ ነው፣ ግን ከግንባሩ በታች ተሰብስቧል፤ የእኛ ዘመድ እንደሆነ ያስታውቃል። ድንቅነሽ ገጣጣ ነበረች? በሪኬትስ ማስመሪያ እንኳን እሷ፣ ማስመሪያውም አይበቃትም። ግን ጥርሷ ለመንጋጋዋ ልኩ ነው።

የዛሬው ችግር የሁለቱ አለመመጣጠን ነው። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ምግባችን ሲለሰልስ መንገጭላ ከጥርስ ቀድሞ አነሰ። አውስትራሊያዊው ሬይመንድ ቤግ በ1954 ይህን ይዞ ነበር መንቀልን የተከራከረለት፤ የአገሩ ነባር ሕዝብ አሸዋ የበዛበት ሻካራ ምግብ እያኘከ ጥርሱ ከጎንና ከጎን ስለሚፋቅ ቦታ ያገኛል፤ እኛ ዳቦ በሊታዎቹ ግን ስለማይፋቅልን ሐኪሙ በመንቀል ይተካው አለ። ክርክሩ ብዙ ቀዳዳ አለው። ያም ሆኖ በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ እህልና ቆሎ የበሉ አያቶቻችንን የተጋጠ ጥርስ ያየ ሰው፣ ሰውየው ምን እያየ እንደነበር ይገባዋል።

ጥርስ ፊትን ይሸከማል የሚለውን የተማርኩት ግን ሙዚየም ሳይሆን እዚሁ ሰፈራችን ነው። ዘነበወርቅ አለርት ሆስፒታል በኮልፌ ቀራንዮ ነው ያለው፤ አለርት በ1965 ሲመሠረት ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል እንዲሆን ነበር፤ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም በ1970 እዚያው ግቢ ተቋቁሟል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይወዳል፤ አፍንጫ አንዱ ነው። ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ ከአፍንጫ ሥር ያለችውን ትንሽ የአጥንት ሹል ይበላታል፣ የላይኛውን የፊት ጥርሶች የያዘውንም አጥንት ያሟሟዋል። ጥርሶቹ ይላላሉ፣ ይወድቃሉ። አፍንጫው ይሰምጣል፣ የላይኛው ከንፈር ይገባል። ዴንማርካዊው ሐኪም ቪልሄልም ሞለር ክሪስተንሰን በኔስትቬድ የመካከለኛው ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መቃብር ቆፍሮ ይህንኑ በአጥንት ላይ አንብቦ «ፋሲየስ ሌፕሮዛ» አለው። ዘነበወርቅ አካባቢ ከበሽታው ከዳኑ ብዙ ዓመት የሆናቸው አዛውንቶች ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊያሠሩ ይመጡልኛል። አንዲት እናት የላይኛውን አስገብቼላቸው መስተዋት ስሰጣቸው «ይሄማ እኔ ነኝ» አሉኝ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ነው ያስገባሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰውን ከንፈር በሁለት ሚሊ ሜትር ለመግፋትም ሆነ ለመሳብ እጄ ቶሎ አይዘረጋም።

አገር ቤት የምናየውን ሌላ ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ይበጣል፤ የሚወጣው ገና ያልበቀለ የክራንቻ ወተት ጥርስ ነው። ከሥሩ ያለው የቋሚው ክራንቻ ቡቃያ አብሮ ይጎዳል። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ክራንቻው ወይ አይበቅልም ወይ ተንሻፎ ይበቅላል፤ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ይዘማሉ፤ የአፉ መሐል መስመር ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። የትኛውም የውጭ መማሪያ መጽሐፍ ይህን በወጉ አላስተማረኝም። ክራንቻ የከንፈርን ማእዘን ይዞ የሚቆም ጥርስ ስለሆነ ጉዳቱ ከሩቅ ያስታውቃል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ይህን ሁሉ አንብቦ «እንግዲህ አልነቀለላትም» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም ልቤ ወደዚያው ነበር፤ አንድ ጊዜ የተቃጠለ ሰው እጁን መሰብሰቡ አይቀርም። ማስመሪያውን ትቼ ዝም ብዬ አየኋት። መጽሐፍ ስታነብ፣ ከእናቷ ጋር ስታወራ። ስትዝናና ከንፈሮቿ አይገናኙም፤ አፏን ለመግጠም አገጯ ይኮማተራል፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይጎረብጣል። ድዷ ከፊት ደርቆ ቀልቷል። ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ አፏ እየታገለ ነው። አጥንቷ ደግሞ ተጨማሪ ወደ ውጭ መግፋት አይችልም። አራት ፕሪሞላር እንዲነቀል ወሰንን። ግን የፊቶቹን ሪኬትስ እስካለበት ድረስ ሳይሆን ከንፈሮቿ ሳይታገሉ እስኪገናኙ ድረስ ብቻ ነው የምስበው፤ የቀረውን ቦታ የኋላ መንጋጋዎችን ወደ ፊት አምጥቼ እዘጋዋለሁ። እናትየዋ የእናትና የአባትን ፎቶ ከጎን ያነሳሁት ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር፤ ለዚህ ነው።

«ፍንጭቷስ?» አለች እናት። «ፍንጭቷን እንዳይዘጉብኝ አደራ።»

የተማርኩት ክፍተት ሁሉ እንዲዘጋ ነው። ሞዴሉን ይዤ ለካሁ። ዌይን ቦልተን በ1958፣ አገጣጠማቸው እጅግ ጥሩ የሆነ 55 ሰዎችን ለክቶ አንድ ሒሳብ ትቶልናል፤ የታችኞቹ ስድስት የፊት ጥርሶች ድምር ስፋት ከላይኞቹ ስድስት 77.2 በመቶ ሊሆን ይገባል፤ ካልሆነ ጥርሱ ምንም ቢሰለፍ አይገጥምም። የልጅቷ የታችኞቹ 38 ሚሊ ሜትር፣ የላይኞቹ 47.5 ናቸው። 80 በመቶ ይመጣል። ከመሐለኞቹ አጠገብ ያሉት የላይኞቹ ሁለት ጥርሶቿ ትንንሽ ስለሆኑ ነው። ለ38 የሚገባው የላይኛው ስፋት 49.2 ነበር፤ የጎደላት 1.7 ሚሊ ሜትር ነው። ሁሉንም ክፍተት ብዘጋው የላይኞቹ ከታችኞቹ ጋር ይጋጫሉ ወይም ከኋላ ሌላ ክፍተት ይከፈታል። 1.7 ሚሊ ሜትሩን መሐል ላይ ብተወው ሁሉም በቦታው ይገጥማል።

ይህን ለእናትየዋ በጄሶው ሞዴል ላይ ሳስረዳት ሳቀች። ለካ እሷም ፍንጭት ናት። ካሊፐሩ እጄ ላይ ስለነበር «እስቲ እህቴ ያንቺንም ልለካው» አልኳት። 2 ሚሊ ሜትር ሆነ። ልጅቷ አፏን ሳትሸፍን «ያንቺ ይበልጣል» አለቻት። አሁን ሽቦው ከታሰረላት ስምንተኛ ወሯ ነው፤ ከንፈሮቿ ሊገናኙ ትንሽ ቀርቷቸዋል።